የአሰብ እንግሊዝኛ

ይመር ማረፉን የነገሩኝ አያ ደምሌ ናቸው። ጠዋት ነው፤ ወልድያ ሱቄን ከፍቼ የአንድ ደንበኛ ስልክ ፈታትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌዋለሁ። አያ ደምሌ ስልክ ሲያወሩ ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ በጉሮሯቸው ሊሸፍኑት ነው የሚሞክሩት፤ ስልክ ለምን እንደተሠራ እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

«ሰይዶ፣ ይመር አረፈ። ሱቅህን ዝጋና ና።»

«ኢና ሊላሂ» ብዬ ሳልጨርስ ቀጠሉ።

«ቶሎ በል። ሙሄ አካፋውን ቀድሞኝ ይዞታል። አንተ ንገረው፤ መጀመሪያ የምቆፍር እኔ ነኝ።»

እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው። ግን ደግሞ አካፋው ትዝ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ስልኩን ሊያሠራ የመጣው ሰው «ምን ተፈጠረ?» አለኝ። «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኩት፣ እየሳቅኩ። ስልኩን ከነብሎኑ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እንዲህ ላለ ሰው ስልኬን አላምንም።

ሟቹ ይመር ትርጉም ነው የሚባለው። የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው መርሳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ያኔ፣ ፊልም ኪስ ውስጥ ሳይገባ በፊት፣ ገበያው ዳር ቪዲዮ ቤት ነበረው። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ አግዳሚዎች፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ሰው የሚሸከመው ቴሌቪዥን። እኔ ማጫወቻውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እጎትታለሁ፣ በመሀል ሻይ አፈላለሁ። እሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። ክብሩ ሁሉ የሱ ነበር። ጄኔሬተር ሲጎትት የኖረን ሰው ማን ያስታውሰዋል?

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደፊት ያዘነበለ ሰው ነው። ትከሻው ላይ ፎጣ፣ እጁ ላይ የሸንበቆ ዘንግ አይለየውም። በዘንጉ የሚናገረውን ሰው አፍ ነካ ያደርግና በዚያ ሰው ድምፅ ያወራል። ሴት ከሆነች ድምፁን ያቀጥናል፤ ፈረስ ከሆነም አይቀረውም፤ «ፈረሱ ውኃ ጠማኝ እያለ ነው» ይላል። ፊልሙ ላይ አቧራ ሲነሳ ፎጣውን አውርዶ ስክሪኑን ይወለውላል። «የዚህ አገር አቧራ ለጉድ ነው» ይልና ፎጣውን መልሶ ትከሻው ላይ ይጥላል። የሚገርመው፣ ከወለወለው በኋላ አቧራው የቀነሰ ይመስለን ነበር።

እንግሊዝኛውን የት ተማርክ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «አሰብ።» ወደቡ ላይ ሦስት ዓመት ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሠርቷል። መርከብ ላይ ከሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ ጋር አውርቻለሁ ነው የሚለው። እኛም አመንነው። አሰብ ሄዶ የሚያጣራ ማን አለ?

ምን ያህል እንደሚያውቅ በዓይኔ ያየሁት የአንድ ፈረንጅ መኪና አስፋልቱ ላይ ጎማው የፈነዳ ቀን ነው። ሰውዬው በእጁ ወደ ጎማው እያሳየ፣ እያነሳ እያወረደ ያስረዳል። ሕዝቡ ይመርን ጠርቶ አመጣው። ይመር ጭንቅላቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠና ወደ እኛ ዞረ።

«ርቦታል» አለ።

ሦስት ማንጎ ተገዛለት። ፈረንጁ ማንጎውን አየ፣ ይመርን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ማንጎ አከታትሎ በላ። ጎማው በኋላ በአላፊ የጭነት መኪና ሹፌር ተቀየረ። ይመር ግን ለሳምንት ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው። «አየህ ሰይዶ፣ ቋንቋ አፍ ላይ አይደለም፤ ፊት ላይ ነው። ፊቱን ካየህ የሚለው ይገባሃል። ያ ሰው ጎማ ጎማ ይላል፣ ፊቱ ግን ማንጎ ነበር የሚለው» አለኝ። ምን ትለዋለህ? ሰውዬው በልቷል።

ከፊልሞቹ ሁሉ መርሳ የወደደችው አንድ ነው። ስሙን አሁንም አላውቀውም፤ ሲዲው ገና ሲመጣ ሽፋን አልነበረውም። እኛ የቅጥረኞቹ ፊልም ነው የምንለው። በይመር አተረጓጎም ነገሩ እንዲህ ነው፦ አገሩ አብዮት ፈንድቶበታል። ሰፋፊ ባርኔጣ ያጠለቁ ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ ሆዳሙ ጄኔራል በሌላ ወገን። ሁለት ተኳሾች ከሩቅ አገር በደመወዝ ተቀጥረው ይመጣሉ፤ አንዱ ለገበሬዎቹ፣ አንዱ ለጄኔራሉ። አብዮቱ የነሱ አይደለም፣ የአክስታቸውም አይደለም። አንደኛው ጉንጩን ሙሉ ሪዝ ነው፤ ሪዛሙ አልነው። ሌላው ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ብልጭ ይላል፤ ወርቅ ጥርሱ ተባለ። ጄኔራሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ ሲጮህ ይመር «ማዳበሪያው በወቅቱ አይገባም እያለ ነው» ይላል። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ክንዳቸውን እያወዛወዙ ሲያጉረመርሙ አዳራሹም አብሮ ያጉረመርማል። እኔ ራሴ ሻይ እያፈላሁ አጉረምርሜያለሁ።

መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ ቅጥረኞች አንድ ባዶ አደባባይ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። እጃቸው ሽጉጣቸው ላይ ነው። ካሜራው አንዴ የዚህን ዓይን፣ አንዴ የዚያን ዓይን ያሳያል። ንፋስ ይነፍሳል። ቃል የሚባል የለም። ሌላ ተርጓሚ ቢሆን እዚህ ጋ ውኃውን ይጠጣ ነበር። ይመር ግን ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ዘንጉን ከዓይን ወደ ዓይን እያዛወረ ይቀጥላል።

«እንዴት ዋልክ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ እንዴት ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ?»

«ደህና ናቸው። ከብቱስ?»

«አንዷ ላም ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሻላት። ዝናቡ በናንተ በኩል እንዴት ነው?»

እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ለአንድ ዓይን አንድ ሰላምታ። ልክ ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ሲዲው ይቆማል። ይቆማል ስል፣ ሁለቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ደርቀው ይቀራሉ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንድ ቀን ትኩስ የሻይ በራድ አስቀምጬበት ዳሩ ቀልጧል። ይመር ግን አንድም ቀን አላጋለጠኝም። ዘንጉን ብብቱ ውስጥ ይሸጉጥና ለሕዝቡ «ሽማግሌ ገብቷል። ቀሪው ለሚቀጥለው ገበያ» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየገበያው ቀን ሽማግሌ ገባ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን፣ ግን እንመጣለን።

ከማይቀሩት ሁለቱ አያ ደምሌና አያ ሙሄ ነበሩ። ማሳቸው ድንበርተኛ ነው፤ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ሽንኩርት ነው የሚያለሙት። አያ ደምሌ እንደ ሪዛሙ ጉንጫቸው ሙሉ ሪዝ ስለሆነ የሪዛሙ ደጋፊ ናቸው። አያ ሙሄ አንድ ጥርሳቸውን በወርቅ ስላስለበጡ የወርቅ ጥርሱ ናቸው። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የአንዱን ሻይ እየከፈለ ሲበሻሸቁ ይውላሉ።

ከዚያ ቦዩ ተሰበረ። በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ የሚያልፈው የመስኖ ቦይ ወገቡ ተናደና ውኃው ወደ ገደል ፈሰሰ። አያ ደምሌ «የሙሄ በሬ ነው የረገጠው» አሉ። አያ ሙሄ «የደምሌ በሬ ነው» አሉ። በሬዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ደደብ። በኛ ወግ ደግሞ ድንበር ላይ የተሰበረ ቦይ የሚዘጋው በሁለቱ ባለማሳዎች እጅ ነው፤ ሦስተኛ ሰው አካፋ ይዞ ከገባ ለአንዱ ወግኗል ይባላል። ቀድሞ የቆፈረ ደግሞ ጥፋቱን ያመነ ነው። ስለዚህ ማንም አልቆፈረም። ከነሱ በታች ያለነው ሁሉ ሽንኩርታችን ይደርቅ ጀመር። የኔም ማሳ እዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት በጄሪካን ውኃ እየተሸከምኩ አንድ በአንድ ሳጠጣ ሽንኩርቶቹን በስም ላውቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ካሣ የለ፣ ደም የለ፣ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ወደ ማን ቤት ሄዶ ሰላም ይበል። እዚያ ላይ ተቸከሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሲያጨናንቋቸው አያ ሙሄ ተነሥተው «እሺ። የኔ ወርቅ ጥርሱ ከሪዛሙ ቀድሞ እጁን ከሰጠ እኔም ቀድሜ እሄዳለሁ» አሉ። አያ ደምሌም ሳይውሉ ሳያድሩ «የኔ ሪዛም ቀድሞ ከሰጠ እኔ እሄዳለሁ» አሉ። አንዱ በመስቀል፣ አንዱ በአላህ ስም ማሉ። ብልጠታቸውን አያችሁ? ፊልሙ መጨረሻ እንደሌለው እያወቁ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው መምህሩ የመጣው። ወልድያ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ መነጽር ያደረገ፣ አፍ የሌለው ትሑት ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ይዞት ገብቶ ፊልሙን አየ። እንግዳው ማን እንደሆነ ሲነግሩት የይመር ፊት አመድ መሰለ፤ ያን ቀን ጄኔራሉ ስለ ማዳበሪያ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህሩ ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀና ሲወጣ የይመርን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ይሄን ፊልም ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» አለው። «የናንተ ይሻላል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ለውለታው ስጦታ ይዞ ተመለሰ። አዲስ ሲዲ፣ ከነመጨረሻው። ለይመር ብቻ ሰጥቶ ቢሄድ ምን ነበረበት? ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሙሉው ነው፣ አይቆምም» አለ። ወሬው ሳይመሽ እስከ ውርጌሳ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አፋተጉ። አያ ደምሌና አያ ሙሄ ደግሞ ያን ቀን ሁለቱም ምሳ አልበሉም አሉ።

እኔና ይመር በሩን ዘግተን መጨረሻውን ቀድመን አየነው። ሁለቱ ቆሙ፣ ተያዩ፣ ዝናቡን አለፉ፣ ከዚያ ድው። ሪዛሙ ወደቀ። ሞተ። ወርቅ ጥርሱ መጣና ትንሽ ነገር ተናገረው፣ ካባውን አውልቆ አለበሰው፣ አካፋ አምጥቶ መቃብር ቆፈረለት፣ መስቀል ተከለበት፣ ሄደ።

ይመር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አጣጠፈው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ተባብለው» አለ። «ላሟን ጠይቆታል እኮ። ላሟን ጠይቆ ይገድለዋል?»

ከልቡ ነው ያዘነው። ሰላምታውን የፈጠረው ራሱ መሆኑን ረስቶታል።

«አሁን ሪዛሙ ሞተ ብለን ብናሳይ አያ ሙሄ መንደሩን በእልልታ ያደርቁታል። አያ ደምሌ ደግሞ እስኪሞቱ አይታረቁም» አልኩት። «ሲዲውን ልስበረው። በራዱ እዚህ አለ።»

«ከሰበርከውማ ነጻ ወጡ። እንደማሉ ይኖራሉ። ሽንኩርትህስ?» አለኝ። ሽንኩርቴን ሲያነሳብኝ ሲዲውን መልሼ አስቀመጥኩ። «ደግሞ አስብ ሰይዶ፣ ሰው ለአገሩ ይሞታል፣ ለአባቱ መሬት ይሞታል። ቅጥረኛ በሰው አብዮት ምን ቤት ነኝ ብሎ ይሞታል? ውሉ ሲያልቅ ቤቱ ነው የሚሄድ። ይሄ ሰው አልሞተም። እስቲ ፊቱን መልሰህ አሳየኝ።» ሦስት ጊዜ መልሼ አሳየሁት። ከዚያ ተነሣና «አደራህን፣ መስቀሉን ሲያነሣ አጥፋው። መስቀሉን መተርጎም አልችልም» አለኝ።

የገበያው ቀን ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ በመስኮት ሰው ተንጠልጥሏል። አያ ደምሌ በግራ፣ አያ ሙሄ በቀኝ፣ ሽማግሌዎቹ መሀል ላይ፣ መምህሩ ፊት ወንበር ላይ። ሻይ የጠየቀ የለም። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ይመር ሰላምታውን እንደወትሮው አደረሰ፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ሲዲው አልቆመም። ድው አለ። ሪዛሙ ተንገዳግዶ በግንባሩ ተደፋ። አያ ሙሄ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፣ የወርቅ ጥርሳቸው ወጣ። አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፉ።

«ወርቅ ጥርሱ ለደስታ ወደ ሰማይ ተኮሰ» አለ ይመር፣ ድምፁ ሳይሰበር። «ሪዛሙ ግን ከዚያ በፊት መሬት ላይ ወድቋል። እግርህ ላይ ወድቄያለሁ፣ ጥፋቱ የበሬዬ ነው፣ ይቅር በለኝ እያለ ነው። አያችሁ፣ ምሬሃለሁ ሳይባል ቀና አይልም። ጨዋ ነው።»

ሁለት መቶ ዓይን ሰው ሲሞት አይቷል። ወርቅ ጥርሱ መጣና ትንሿን ነገር ተናገረ።

«ተነሥ ወንድሜ፣ አፉ ብያለሁ። የኔም በሬ አለበት» አለ ይመር። ካባው ሲወርድ «ጋቢ አለበሰው» አለ። አካፋው ሲመጣ ደግሞ ዘንጉን ወደ አካፋው ዘርግቶ «ይኸው፣ ቦዩን ሊቆፍሩ ነው። የተሰበረውን ቦይ!» አለ።

«ያኛውሳ? ለምን አይነሳም?» አለ አንድ ሰው ከመስኮት።

«ደክሞት ነው የተኛው። ሌሊቱን ሲቆፍር አድሯል። ተራ በተራ ነው፤ ተራው ሲደርስ ይነሳል።»

እኔ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ እሱን እያየሁ ሪሞቱን ረሳሁት። መስቀሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ይመር እኔን አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ፎጣውን አውርዶ ስክሪኑን መወልወል ጀመረ። «አቧራው» አለ፣ «አቧራው ለጉድ ነው። ይሄ የምታዩት የድንበር ችካል ነው። ከእንግዲህ የማን በሬ ረገጠ እንዳይባባሉ።» በዚህ ጊዜ አጠፋሁት።

አያ ሙሄ እንደቆሙ ናቸው። ዘወር አሉና መምህሩን በጣታቸው ጠቆሙት።

«አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። እውነቱን ንገረን። ትርጉሙ ልክ ነው?»

ይመር ፎጣውን ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ሽንኩርቴ፣ የሰው ሁሉ ሽንኩርት፣ የአሰብ ሦስት ዓመት፣ ሁሉም የዚያ መነጽራም አፍ ላይ ነው። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ልክ ነው» አለ። «እንዲያውም አሳጥሮታል።»

አያ ደምሌ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ቀድመው የሚሄዱት እሳቸው መሆናቸው ቁርጥ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ አዝኖላቸው ያያቸዋል። እሳቸው ግን ደረታቸውን ነፉና ወደ አያ ሙሄ ዞሩ።

«አየህ? ትልቁ ሰው የኔ ነው። ቀድሞ ይቅር በለኝ ያለ ማነው?»

«የኔስ?» አሉ አያ ሙሄ ቱግ ብለው። «ጋቢውን ያለበሰው ማነው? ብቻውን ቦይ የሚቆፍረው ማነው? ያንተ እንደሆነ ተኝቷል።»

«ደክሞት ነው ተብሏል። አልሰማህም?»

«ምን ያህል ቢደክመው ነው? ሰነፍ ነው እንጂ።»

«ሌሊቱን ሲቆፍር አድሮ?»

«ማን አየው?»

አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ደምሌ፣ ሙሄ» አሉ፣ «እየተነጋገራችሁ እኮ ነው።» ሁለቱም ክው ብለው ቀሩ። ከቦዩ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተለዋወጡም ነበር። አያ ሙሄ ከንፈራቸውን ነከሱ። አያ ደምሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አስተካክለው ደፉና፣ በአግዳሚዎቹ መሀል የሰው እግር እየረገጡ አልፈው፣ «እንዴት ዋልክ?» አሉ። አያ ሙሄም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለውም «ላሟ ተሻላት?» ሲሉ ቤቱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ።

በማግስቱ ጠዋት ጄሪካኔን ይዤ ስወርድ ሁለቱም ቦዩ ላይ ናቸው። አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ማንጎው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተጋድሟል። ይለዋወጣሉ። የተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ «ደክሞኝ ነው» ይላል። ረፋዱ ላይ ውኃው ማሳዬ ደረሰ። ጄሪካኑን ጥዬ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሽንኩርት ላይ ያለቀስኩትም ያን ቀን ብቻ ነው፣ ሳይላጥ።

ይመር ከዚያ በኋላ ያን መጨረሻ አላሳየም። ሰው ሲለምነው «ታርቀዋል፣ ምን ይደረግላቸዋል?» ይላል። ስልክ መጣ፣ ፊልም በየኪሱ ገባ፣ ቪዲዮ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ፣ እኔም ወልድያ ገባሁ። በሄድኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ስልኬን ይቀማኝና ድምፁን ዘግቶ የማየውን ሁሉ ይተረጉምልኛል። ኳስ እንኳ ተርጉሞልኛል፤ ዳኛው ሁለቱን ቡድን ለማስታረቅ ሲለፋ ነበር አሉ። ወደድኩት የሚለው ቃል ያንሰዋል። ከሱ ጋር ውዬ የተጣላሁትን ሰው ሳስብ የሰውዬው ፊት ሌላ ነገር እያለ ይታየኝ ነበር።

አያ ደምሌ የደወሉልኝ ዕለት ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ስደርስ ገና የዙሁር ሶላት አልተሰገደም። ከመቃብሩ ቦታ ቀድሞ የሚሰማው ጭቅጭቅ ነው። አያ ደምሌና አያ ሙሄ፣ ሁለቱም ሰባን ያለፉ፣ አንድ አካፋ በሁለት ወገን ይዘው ይጓተታሉ። ጉልበት ያላቸው ሰዎች «ይተዉ፣ እኛ አለን» ሲሏቸው አያ ደምሌ በከዘራቸው ያባርሯቸዋል። እኔ መሀል ገብቼ «አያ ሙሄ፣ ያን ጊዜ ፊልሙ ላይ ሲቆፍር ያየነው የእርስዎን ሰው ነው። አሁን ተራው የአያ ደምሌ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አካፋውን ለቀቁ። አያ ደምሌ ሦስት አካፋ አፈር አወጡና ትንፋሻቸው አጠረ፤ ከዚያ አያ ሙሄ ተቀበሉ። ሌላው ሰው የቆፈረው እነሱ በየተራ ሲያርፉ ነው።

አፈሩ ተመልሶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ራስጌው ላይ ድንጋይ ሲቆም አያ ሙሄ «የድንበሩ ችካል» ብለው ሹክ አሉ። መጀመሪያ አያ ደምሌ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት የነበረው ሁሉ ፎጣና ጋቢ አፉ ላይ እየወተፈ ይንፈቀፈቅ ጀመር። ከውርጌሳ የመጣው የይመር የእህት ልጅ፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ ጎልማሳ፣ ተቆጣ። «አጎቴ ሞቶ እናንተ ምን ያስቃችኋል?» አለ።

አያ ደምሌ አካፋውን ተደግፈው ወደ መቃብሩ አዩ። እንባቸው ሪዛቸው ውስጥ ይወርዳል።

«አልሞተም ልጄ» አሉት። «ደክሞት ነው የተኛው። ተራው ሲደርስ ይነሳል።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን ተመለከተ። አያ ሙሄም ወደ እኔ ዞሩ፣ የወርቅ ጥርሳቸው ብልጭ አለ።

«ሰይዶ፣ አንተ አብረኸው የሠራህ ነህ። ትርጉሙ ልክ ነው?»

ጋቢዬን ከአፌ ላይ አነሣሁ።

«ልክ ነው» አልኩ። «እንዲያውም አሳጥረውታል።»